ሲያረጁ አምባር ይዋጁ

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ናት። አሥራ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። ከሁሉም ቀድመው የደረሱት የ68 ዓመቱ ጡረተኛ የሒሳብ ሹም ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ከነከራባቱ ለብሰው፣ ደብተራቸውን በጋዜጣ ሸፍነው፣ ልክ እንደ ድሮ ተማሪ። ስማቸውን ልመዘግብ ቀና ስል ፈገግ አሉና «መምህር፣ ሲያረጁ አምባር ይዋጁ ሆነብን እኮ!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው ያ ሳቅ ዕዳ ሆኖብኛል። ይህችን ጽሑፍ የዕዳው ክፍያ አድርጉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። ከወጣሁ በኋላ አንድ ወዳጄ፣ «በአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ያለች ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶዋን ትውላለች፤ ለጡረተኞች አጭር ትምህርት ስጥባት» አለኝ። ስምንት ቅዳሜ፣ በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት። ክፍያ የለውም፣ ፈተና የለውም፣ ማርክ የለውም፣ ሰርተፍኬት የለውም። ግማሹን ጊዜ አንድ ልቦለድ አብረን እናነባለን፤ በቀረው ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ከሕይወቱ አንድ ገጽ ጽፎ ያመጣና እንነጋገርበታለን። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያች ክፍል ነው። ላሞግሳት አይደለም፤ ሒስ ላቀርብባት ነው። ከሒሱም የመጀመሪያው ድርሻ የራሴ ነው።

ግን ከክፍሉ በፊት በሩ ላይ ያለውን ጉድ ስሙ። ዘበኛው እነዚህን ሰዎች ባየ ቁጥር «አባባ፣ ሰው ሊጠይቁ ነው?» ይላል። «ልማር ነው» ሲሉት «ማንን ሊያስተምሩ?» ብሎ እንደገና ይጠይቃል። ቃሉን አልሰማ ብሎ አይደለም፤ ጆሮው ሊያምነው አልቻለም እንጂ። አንዲት ጡረተኛ ነርስ ልጃቸው «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ሊያደርግልሽ? እቤትሽ አርፈሽ ጸልዪ» እንዳለቻቸው ነግረውኛል። የእኔ ወዳጆች፣ የተማሩት ሳይቀሩ፣ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ሰርተፍኬት ይሰጣል?» የለውም ስላቸው ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ለሞተ ዘመድ ከሚያሳዩት ብዙም አይለይም።

በእኛ አገር ትምህርት መሰላል ነው። መሰላል ደግሞ የሚፈለገው የሚወጣበት ቦታ ላለው ሰው ነው። ጡረታ የወጣ ሰው የት ሊወጣ? ይህ ነው ሳንናገረው የምናስበው። አስገራሚው ነገር ይህ አስተሳሰብ የአባቶቻችን አለመሆኑ ነው። በቅኔ ቤት ጺሙ ያቀመቀመው ጎልማሳ ከለጋው ተማሪ ጎን ተቀምጦ ከአንድ መምህር አፍ ይሰማ ነበር። የሚያስመሰክረው ያስመሰክራል፤ ሰምቶ፣ አጣጥሞ ወደ ቀዬው የሚመለሰውን ግን «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚለው አልነበረም። በሼኹ ፊት ኪታብ ዘርግቶ የሚቀመጠው ሽማግሌም እንዲሁ ነው። በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ለጎልማሶች የተከፈተው ትምህርት ቤት ስሙ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» ነበር። ነገ አላለም። «ስትመረቅ» አላለም። ዛሬ ነው ያለው። ስም አውጪው ማን እንደሆነ ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትልቅ ሥራ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፊደል አስቆጥሯል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። ነገር ግን ከፊደሉ በኋላ ምን? ከአሥራ አራቱ አንዷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ይህን ጥያቄ ከእኔ በተሻለ መልሰውታል። «ፊደል የቆጠርኩት በዘመቻው ጊዜ ነው፤ ልጅ ነበርኩ፤ የምስክር ወረቀትም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት የመብራትና የውሃ ደረሰኝ ነው።» ቁልፉን ሰጥተን በሩን ያላሳየነው ስንት ሰው ይሆን?

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ የገባሁት ወረቀቱ ቢጫ የሆነውን የድሮ ማስታወሻዬን ይዤ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር አመሉ አይለቀውም። ሴራ፣ ግጭት፣ አንጻር፣ ገጸ ባሕርይ እያልሁ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰሌዳ አጨናነቅሁ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ደስ አለኝ። ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሲሠሩ የኖሩት ጋሼ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ይሄ ሁሉ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«ኧረ ፈተና የለም ጋሼ።»

«እንግዲያውስ ልጄ፣ መጽሐፉን ክፈትና እናንብብ።»

ይኸው ነው። ሃያ ዓመት የሠራሁበት መሣሪያ በአንድ ዐረፍተ ነገር ወደቀ። ደግሞም እውነታቸውን ነው። ለወጣት ተማሪ ያንን ሁሉ ቃል የምናስታጥቀው ገና ብዙ መጽሐፍ ይጠብቀዋል ብለን ነው። እነዚህ ሰዎች ግን የመጡት ለስንቅ ሳይሆን ለማዕዱ ነው።

መጽሐፉ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነውና ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ አብረውት አድገዋል። ግማሾቹ ያወቁት በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። ይህን መጽሐፍ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። የወጣቶቹን ንባብም በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ይወዳሉ፤ በፊታውራሪ መሸሻ ይናደዳሉ፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ያጨበጭባሉ። ስለ ጉዱ ካሣ ጻፉ ያልኋቸው እንደሆነ ሁሉም ራሱን ጉዱ ካሣ አድርጎ ይጽፋል። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በራሱ ዓይን ጉዱ ካሣ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

የምድር ቤቷ ክፍል ግን ሌላ መጽሐፍ አነበበች። በፍቅሩ ላይ ብዙም አልቆዩም። ያቆማቸው እኔ በሩጫ የማልፈው ቦታ ነው፤ የበዛብህ ወላጆች ቦጋለና ውድነሽ ልጃቸው በሕይወት እንዲቆይላቸው ለእግዚአብሔር አገልግሎት የተሳሉበት። እኔ ይህን ክፍል «ለሴራው መነሻ የሚሆን መረጃ» እያልሁ ነበር የማስተምረው። ስለቱ ከሌለ በዛብህ ላይ የሚከብደው ቀንበር የለም፤ ስለዚህ ለሴራው ያስፈልጋል፤ አለቀ። የባቡሩ ጋሼ ግን ወዲያው ለወላጆቹ ጠበቃ ቆሙ። «ልጅ ታሞ እጅህ ላይ ሲቃትት የማትሳለው ነገር የለም። ቀንድ አውጣ ቢሉህ ታወጣለህ» አሉ። ነርሷ ተቃወሙ። «የራስህን ሕይወት ተሳል። የልጁን ሕይወት ማን ሰጠህና ትሳላለህ?» ክርክሩ ጦፈ። ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ ዝም ብለው ገጹን በጣታቸው ይዳስሳሉ።

በመጨረሻ ቀና አሉ። «እኔም ተስያለሁ» አሉ። «ለታቦት አይደለም፤ ለቤሩት። ትልቋን ልጄን ነው የሰደድኳት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው እዚያ ስትኖር። ታናናሾቿ የተማሩት በሷ ነው፤ ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰው በሷ ነው። አግቢ፣ ውለጂ ያላት የለም። የበዛብህ እናት ቢያንስ ለእግዚአብሔር ነው የሰጠችው። እኔ ለማላውቀው ሰው ቤት ነው የሰጠሁት።»

አንባቢዬ፣ እንዲህ ያለ ንባብ ከሃያ ዓመት የፈተና ወረቀት መካከል አንድም ቀን አላገኘሁም። መጽሐፉ የሚያነሳው ትልቁ ጥያቄ የመደብ ብቻ እንዳልሆነ፣ የአንድ ሰው ዕድሜ በሌላ ሰው ቃል ሊታሰር ይችላል ወይ የሚል እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ፊታውራሪ ልጃቸውን በዘር ቆጠራ አስረው አስቀሩ፤ ቦጋለና ውድነሽ በፍቅር አሰሩ። አንደኛውን እንረግማለን፣ ለሁለተኛው እናለቅሳለን፤ የታሰሩት ልጆች ግን መጨረሻቸው አንድ መቃብር ነው። ይህን ትችት የሰጡን የመብራት ደረሰኝ ሲያነቡ የኖሩ ሴት ናቸው።

ታዲያ እኔ መምህሩ ምን አልሁ? ማፈሬን ልናዘዝ። «እሺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል እትዬ፤ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንሂድ» አልሁ። ሸሸሁ። በትህትና፣ በአክብሮት፣ «እትዬ» እያልሁ ሸሸሁ።

የሁለተኛው ጥፋቴ ስም ይኸው ነው፤ አክብሮት። ይህም ገና በደንብ የታወቀኝ በሦስተኛው ሳምንት፣ የሒሳብ ሹሙ ገጻቸውን ባነበቡልን ቀን ነው። «በ1972 ዓ.ም. ተቀጠርኩ። በ1976 ዓ.ም. በዕድገት ተዛወርኩ። በዚሁ ጊዜ ትዳር መሥርቼ አራት ልጆች አፍርቻለሁ።» እንዲህ እያለ እስከ ጡረታቸው ዘለቀ። የሥራ ልምድ ማስረጃ እንጂ ሕይወት አልነበረም። ሲጨርሱ ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም «ግሩም ነው ጋሼ፤ ዕድሜ ይስጥልን» አልሁ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ቀሩ። «ከልብህ ነው?» አሉኝ። አፌ ተያያዘ። «እኔ ሠላሳ ሰባት ዓመት የሰው ሒሳብ ሳርም ኖሬያለሁ። ስህተት አይቶ ዝም የሚል ኦዲተር ከሰረቀው አይሻልም። ጭብጨባ እንደሆነ የጡረታ ሽኝቴ ላይ ጠግቤያለሁ፤ ጋቢም አልብሰውኛል። እዚህ የመጣሁት ለእርማት ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሃያ ዓመት ልጅ ወረቀት ስመልስ በቀይ ቀለም አጥለቅልቄ ነበር የምመልሰው። ለምን? ነገ የተሻለ ይጽፋል ብዬ ስለማምን። እኒህን ሰው ያላረምኩት ታዲያ ለምንድነው? ስላከበርኳቸው ነው? አይደለም። ከዚህ በኋላ አይሻሻሉም ብዬ ስለደመደምኩ ነው። ማረም ተስፋ ማድረግ ነው፤ ያላረምነውን ሰው ተስፋ ቆርጠንበታል። እናም ይህ የእኔ ብቻ ጥፋት አይመስለኝም። ታላላቆቻችንን ጉልበት እንስማለን፣ ጋቢ እናለብሳለን፣ ከፍ ያለው ወንበር ላይ እናስቀምጣለን፤ ከዚያ ወሬያችንን እንቀጥላለን። የሚናገሩትን «አዎ አባባ» እያልን እናሳልፋለን። «ተሳስተዋል» የሚለው ቃል በሰዋስው ደንብ በአንቱታ ይነገራል፤ በአፋችን ግን አይወጣም። ክርክር የሚገባው ከእኛ ጋር ገና በጨዋታው ላይ ያለ ሰው ነው። እነሱን ከጨዋታው አውጥተናቸዋል፤ መውጫውን በር ግን በአክብሮት ነው የከፈትንላቸው።

በሳምንቱ ገጻቸውን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ሰጠኋቸው። ኅዳጉ ላይ የጻፍኩት ትልቁ እርማት ጥያቄ ነበር፤ «ባለቤትዎ የት አሉ?» አንብበው ደብተራቸው ውስጥ አጠፉት፤ ምንም አላሉም። በተከታዩ ቅዳሜ ቀሩ። ገደልኳቸው ብዬ ተጨነቅሁ። ከዩኒቨርሲቲ ባመጣሁት አመል ስም ስጠራ የባቡሩ ጋሼ «ልጄ፣ እኛን የሚያስቀረን ወይ ለቅሶ ነው ወይ ሞት ነው፤ አትጥራ» ብለው አሳቁኝ፤ ሳቁ ግን አልወረደልኝም።

በስድስተኛው ቅዳሜ መጡ። አዲስ ገጽ ይዘዋል። ሰኔ 30 ቀን፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ቢሮ አምሽተው ሒሳብ ሲያመሳክሩ፣ ባለቤታቸው ራት በሳህን ቋጥረው በየዓመቱ እስከ ቢሮው በር ያመጡ ነበር። በየዓመቱም «አስቀምጪው፤ እመጣለሁ» ይሏቸው ነበር። በየዓመቱ ሲበሉት ቀዝቅዟል። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ያለፈውን ቅዳሜ የቀሩት ያን ሳህን ቤት ውስጥ ሲፈልጉ ውለው ነው። አላገኙትም።

ማንም አላጨበጨበም። ትንሽ ቆይቶ ነርሷ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ይበዛል፤ ማዘንዎን እኛ አይተነዋል» አሉ። ሒሳብ ሹሙ አሰቡ። ከዚያ እስክሪብቶ አወጡና በማስመሪያ፣ እንደ ሒሳብ ሹም ልክ፣ ዐረፍተ ነገሩን ሰረዙት። አስተማሪ ሆኜ ካየሁት ሁሉ የላቀው እርማት ያ ነው። እርማቱ የእኔ አልነበረም።

ሁሉም ነገር እንዲህ አማረ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ከአሥራ አራቱ እስከ መጨረሻው የዘለቁት አሥራ አንድ ናቸው። አንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ነበሩ፤ አንዴ ንግግር ከጀመሩ ስብሰባ እየመሩ ይመስላቸዋል። ላስቆማቸው አልደፈርኩም፤ እዚህም ያ የተረገመ አክብሮት! ሁለት ሴቶች በዚህ ምክንያት ቀሩ። አንዷን መንገድ ላይ አግኝቼ ስጠይቃቸው «ንግግር ለመስማት እድር ስብሰባ አለልኝ» አሉኝ። ሦስተኛውን ሰው ያስቀረው ደረጃው ነው። ጉልበታቸው የደከመ ሰዎችን ምድር ቤት ማስተማር የእኛ ሞኝነት ነበር። ጽሑፉንም በደቃቅ ፊደል ፎቶ ኮፒ አድርጌ አምጥቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ መነጽር ሲዋዋሱ ካየሁ በኋላ ነው ማጉላት ትዝ ያለኝ። እነዚህ ነገሮች ጥቃቅን ይመስላሉ። ትምህርቱን የሚያቆሙት ወይም የሚገድሉት ግን እነሱ ናቸው።

ስምንቱ ሳምንት ሲያልቅ ክፍሉን ካዋሰን መሥሪያ ቤት የሪፖርት ቅጽ መጣልኝ። «የሠልጣኞች ብዛት»፣ «የተመረቁ»፣ «ሥራ ያገኙ» ይላል። 14፣ 0፣ 0 ብዬ ሞላሁት። ሌላ ምን ልሙላ? ሳህኑን በየትኛው ዓምድ ላስገባው? ለሚቀጥለው ዙር ስጠይቅ «ውጤቱ አይታይም» ተባልኩ። ያሉትም ከቅጹ አንጻር ልክ ነው። ስህተቱ ቅጹ ውስጥ ነው፤ ቅጹን የሠራው ደግሞ የሁላችንም አስተሳሰብ ነው።

እኔ ብዙ አልጠይቅም። አሥር አሥራ ሁለት ሰው የምትይዝ ክፍል፣ ደረጃ የሌላት። ጎላ ያለ ፊደል። ረፋድ ላይ፣ ለቅሶም ማኅበርም በማይነካው ሰዓት። ሻይ። እድሮቻችን አዳራሽና ወንበር አላቸው፤ የሚከፈተው ሰው ሲሞት ብቻ ነው፤ አባሉ በሕይወት እያለ በወር ሁለት ጠዋት ቢከፈት ምን ይጎዳል? ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከማስተማርና ከምርምር ቀጥሎ የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታችን ነው ይላሉ፤ አንድ ክፍል ለጡረተኛ መክፈት ከዚህ ውጭ ነው እንዴ? በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሰው ገና አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል። ይህ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲግሪ የሚያደርስ ዘመን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በጸሎትና በለቅሶ ቤት ብቻ ሙሉት ማለት ጸሎቱንም ማሳነስ ነው።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ዕለት እትዬ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ለልጃቸው የጻፉት ደብዳቤ ነው። «ፊደሉን አርምልኝ። ይቅርታ የሚለውን ግን እንዳትነካው፤ በዝቷል እንዳትለኝ» አሉ። አምስት ቦታ ተጽፏል። አልነካሁትም። ነገር ግን ያን ቀን የሸሸሁትን ጥያቄ በዚህ ጊዜ አልሸሸሁም። «እትዬ፣ ስለ ራስዎ ብዙ ጽፈዋል። እሷ ምን እንደምትፈልግ ግን አልጠየቋትም» አልኋቸው። ተቆጡ። ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁና ሄዱ። ሁለት ወር ያህል ድምፃቸው ጠፋ።

ከዚያ አንድ ቀን ደወሉ። ደብዳቤውን በስልክ አንብበውላታል። ከማንበባቸው በፊት ግን መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ጨምረዋል፤ ጥያቄ ነው። ልጅቷ ዝም ብላ ከሰማች በኋላ «እማዬ፣ ማን ጻፈልሽ?» አለቻቸው። «እኔ» አሏት። ጥያቄውን ስላልመለሰችው «አስቢበት» ብለዋት እየጠበቁ ነው። እንዲህ ሲሉኝ ድምፃቸው የስልሳ አምስት ዓመት ሰው ድምፅ አልነበረም። ስማቸውን እንዳልጠቅስ አስጠንቅቀውኝ ነው ይህን የፈቀዱልኝ።

ተረቱን ያወጣው ሰው ሲያረጁ አምባር መዋጀት አያምርም ብሎ አስቦ ይሆናል። ለጌጥ ከሆነ እንጃ። ለሒሳብ ሹሙ ግን ይህን ልንገራቸው፤ ጋሼ፣ ያን ዕለት አብሬዎ መሳቅ አልነበረብኝም፤ ተሳስቻለሁ፤ እርሶም ተሳስተዋል።

ቸር እንሰንብት።